ምክርና መንገድ፤ ስለ ጉራጌ የመንገድ ሥራ ማኅበራት ታሪክ

በ1950ዎቹ ዓመታት መካከል በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በአንድ ጉዳይ ላይ አብዝተው ይመካከሩ ነበር። ነጋዴው ከመርካቶ ሱቁ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከጽሕፈት ቤቱ፣ መኮንኑም ከጦር ሰፈሩ እየመጣ የሚነጋገርበት ይህ ጉዳይ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ ከከተማ ተነሥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ለመድረስ የሚሻ ሰው መኪናው ካደረሰው ቦታ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ወይም በበቅሎ ይሄድ ነበር፤ በክረምትማ ወንዙ ሲሞላ ከማዶው ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበረውም። ከዚህ ምክር የተነሣ ሁለት ታላላቅ ማኅበራት ተወለዱ። አንደኛው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ መንገዱን ከአለም ገና አንሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል እስከ ሶዶ ለማድረስ የተቋቋመው ማኅበር ነው።

ስለነዚህ ማኅበራት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የተዋጣው ገንዘብና የተሠራው ኪሎ ሜትር ነው። ይህ መወሳቱ ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከገንዘቡ የሚቀድመውን ነገር ነው፤ ይኸውም መንገድ ከመቆረጡ በፊት ማን ተጠየቀ? ማንስ ተናገረ? የማን ቃል ተሰማ? የማንስ ሳይሰማ ቀረ? የሚለው ነው። ጥያቄው ላለፈው ዘመን ብቻ የሚነሣ አይደለም። ከተሞቻችን ዛሬ ጎዳና እያሰፉ ስለሆነ በየሰፈሩ የሚኖረውና በየበረንዳው የሚነግደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ ያነሣዋል።

ጉራጌ መንገድን የሚያውቀው ከመኪና በፊት ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ አገር የተዘዋወረ ሰው ሁሉ እንዳየው፣ መንደሩ የሚቆረቆረው ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ነው። ጎጆዎቹ ፊታቸውን ወደ ጀፎረው አዙረው በረድፍ ይቆማሉ፤ ከየጎጆው ጀርባም የእንሰቱ ጓሮ ይከተላል። ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ አይደለም። ሙሽራ የሚሸኝበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ የመስቀል ደመራ የሚለኮስበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚዳኝበት ቦታ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው ግን ጀፎረ ባለቤት የሌለው ሳይሆን ባለቤቱ ብዙ የሆነ ቦታ መሆኑ ነው። አንድ ሰው አጥሩን አንድ ክንድ እንኳ ወደ ጀፎረው ቢገፋ ጎረቤቱ ዝም አይለውም፤ ሽማግሌዎቹ አጥሩን ያስመልሱታል፤ መቀጫም ያስከፍሉታል። ስፋቱን የሚጠብቀው ከከተማ የመጣ ሹም ሳይሆን ራሱ የመንደሩ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ የሚያጸና የሸንጎ ሥርዓት ደግሞ አለ። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የጆካ የሚባለው ሸንጎ፣ በክስታኔ ዘንድ ደግሞ የጎርደና ሴራ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራባቸው ኖሯል። ነገሩ በመንደር ሽማግሌ ይጀመራል፤ እዚያ ካልተቋጨ ወደ ጎሣው፣ ከጎሣውም ወደ ቤቱ ያድጋል፤ በመጨረሻም ቸሀ፣ እዣ፣ ጌቶ፣ ሙህር፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ጉመር ከየአገራቸው የመጡ ሽማግሌዎች በየጆካ ተቀምጠው ያዩታል። በዚህ ሸንጎ ድምፅ ተቆጥሮ ብዙው ትንሹን አይረታም። ንግግሩ ይራዘማል፤ እምቢ ያለውን ይለምኑታል፤ ይመልሱታል፤ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ሁሉ እስኪስማማም ይቆያል። ለቸኮለ ሰው ይህ አሠራር ሊያሰለች እንደሚችል አይጠፋንም። ነገር ግን እንዲህ ሆኖ የተቋጨ ነገር ከተቋጨ በኋላ የሚያፈርሰው ሰው ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱ በቃሉ ገብቶበታልና።

ጉራጌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተገናኘው በሁለት ልዩ ልዩ ሁኔታ ነው። ክስታኔ በ1868 ዓ.ም. ገደማ ለምኒልክ በሰላም ሲገባ፣ የምዕራቡ ክፍል ግን የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በመራው ጦር ብዙ ከተከላከለ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ ግብር በገንዘብ መከፈል ስለነበረበት፣ እንሰት ደግሞ ቤተሰብን የሚመግብ እንጂ በገበያ ጥሬ ብር የሚያመጣ ተክል ስላልሆነ፣ ጎልማሳው ገንዘብ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ጀመረ። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1966 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ጉራጌ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ፍልሰት በሰፊው ጽፈውታል። በመጀመሪያ በቀን ሙያተኝነትና በተሸካሚነት የገባው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ንግድ ተሻገረ። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ በማዛወር ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሲያቋቁሙ ያሰቡት ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን ያ ገበያ ለጉራጌ ነጋዴ ዋና የሥራ መስክ ሆነለት። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፌዝ ታውቃለች።

ከተማ የገባው ጉራጌ ከመንደሩ አልተቆረጠም። ሚስቱና እንሰቱ፣ አባቱና ጀፎረው እዚያው ናቸው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለአረፋ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በእነዚያ ሳምንታት የመርካቶ ሱቅ ግማሹ ተዘግቶ ይሰነብታል። በዓሉ የሥጋና የቆጮ ጊዜ ብቻ እንዳይመስለን። ጋብቻ የሚታጨው፣ ጠብ የሚታረቀው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ ስለ መንደሩ ጉዳይ ምክር የሚደረገው ያን ጊዜ ነው። በከተማም ቢሆን ዕቁቡና ዕድሩ የአንድ አገር ልጆችን በየሳምንቱና በየወሩ ያገናኛቸዋል። እንግዲህ የመንገድ ማኅበራቱ ሲቋቋሙ ሕዝቡን ለማሰባሰብ አዲስ ድልድይ መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ ድልድዩ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

አሁን ስለ ሁለቱ ከተሞች ጥቂት እንናገር። ወልቂጤን ያሳደጋት መንገድ ነው። ኢጣልያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የቀደዱት ጎዳና በአለም ገናና በወሊሶ አልፎ፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ወልቂጤን ይነካታል። ከዚያ በፊት በአገሩ ስም የነበረው እምድብር ነበር፤ መኪናው ግን ወልቂጤ ላይ ስለሚቆም ቡና ቤቱ፣ ነዳጁ፣ መጋዘኑ ሁሉ እዚያ ተተከለ። ቡታጅራ በአንጻሩ ከመስቃን አገር መካከል፣ ከዘቢዳር ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ የተቀመጠች ገበያ ናት፤ የማረቆን በርበሬ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። በአስተዳደርም ሁለቱ ተለያይተው ኖረዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የወልቂጤ ወገን በጨቦና ጉራጌ አውራጃ ሲሆን፣ የቡታጅራ ወገን በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር። አንድ ሕዝብ በሁለት አውራጃ ተከፍሎ ሲኖር ስለ አንድ መንገድ አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? ማኅበር የማቋቋሙ አስፈላጊነት በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

መንግሥት በበኩሉ መንገድን አልዘነጋም። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ባንኩ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ በቅድሚያ የያዘው ኢጣልያኖች ሠርተውት የተበላሸውን አውራ መንገድ ማደስና ቡና የሚወጣባቸውን አገሮች ከወደብ ጋር ማገናኘት ነበር። በዚህ ሚዛን እንሰት የሚያበቅል ደጋ ወደ ኋላ መቅረቱ የማይቀር ነው።

የመንገድ አቅጣጫ የአገርን ዕድል እንደሚወስን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። የተራራው ዳገት ስላስቸገረ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈና በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የተባለችው ከተማ ከምንም ተነሥታ ተቆረቆረች። ሐረር ለዘመናት የያዘችው ንግድ ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ውሉን የተዋዋሉት፣ የተካሰሱትና የታረቁት ቤተ መንግሥቱ፣ ባለ ገንዘቦቹና የፈረንሳይና የእንግሊዝ መንግሥታት ናቸው፤ የሐረር ነጋዴ ስለ ሐዲዱ የሚሰጠው ቃል በነገሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በእንግሊዝ አገር ግን በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ኩባንያ ፈቃድ ለማግኘት ሲጠይቅ ካርታውን አስቀድሞ ማስገባት፣ ሐዲዱ በርስታቸው ለሚያልፍባቸው ሰዎች ማስታወቅ፣ ተቃዋሚም ቢኖር በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲሰማ ማድረግ ግዴታው ነበር። እርግጥ ነው፣ ይሰማ የነበረው በይበልጥ ባለ ርስቱ ነው፤ ጭሰኛውና ተከራዩ ከዚያ በር አይደርሱም ነበር።

ወደ ጉራጌው ነገር እንመለስ። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ገደማ ሲቆም ዋና ዓላማው ከወልቂጤ ተነሥቶ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀውን መንገድ ማሠራት ነበር። ማኅበሩ የተዋቀረው በከተማው ቀበሌ ሳይሆን በአገር ቤቱ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከከተማው በየትኛውም ሰፈር ቢኖር ለመዋጮው የሚጠራው በቤቱና በመንደሩ ነበር። ይህ አሠራር ብልሃት ነበረው። በሰፈር ቢሆን ያልከፈለ ሰው ሰፈሩን ለቆ ይሰወራል፤ በመንደሩ ስም ሲጠራ ግን ስሙ በመስቀል ጊዜ በጀፎረው ላይ ይነበባልና ከወዴት ይሰወራል? ደግሞም አንዱ ቤት ሌላውን እንዳይበልጥ መፎካከር ነበር። ከባለጠጋው ነጋዴ ብዙ ሲጠበቅ፣ በአገር ቤት ያለው ገበሬ እንደ አቅሙ በነፍስ ወከፍ የተመደበለትን ይከፍል፣ በጉልበቱም ይሠራ ነበር። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ማኅበሩ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር እየተዋዋለ ቅየሳውንና ከባዱን ሥራ መሐንዲሱ እንዲይዘው ያደርጋል። አቤት ባይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ከመቅረብ ይልቅ ድርሻውን ይዞ መቅረብ መንግሥትን የሚያነጋግርበትን ቋንቋ ለወጠለት።

የአለም ገናው ማኅበር ታሪክ ከዚህም ይልቅ ያስተምራል ብለን እናምናለን። ይህን ማኅበር ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዝርዝር መርምረውታል። አሳቡን የጀመሩት በይበልጥ የሶዶ ክስታኔ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ መንገድ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወይም እንደ ትምህርት ቤት በአንድ መንደር ተጀምሮ በዚያው መንደር አያልቅም። ከአለም ገና ተነሥቶ፣ አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ተሻግሮ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች በአጠገቡ ትቶ፣ በቡኢና በቀላ አልፎ ቡታጅራ ይደርሳል። ቡታጅራ ላይ ቢቆም ግን መንግሥት የሚያየው የአንድ ወረዳን መንገድ ብቻ ነው፤ ሆሳዕናንና ሶዶን ካገናኘ አውራ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበሩ ከመስቃኑ፣ ከስልጤው፣ ከሀድያው፣ ከከምባታው፣ ከወላይታውም ጋር መመካከርና አባል ማድረግ ግድ ሆነበት። የማኅበሩ ስም ራሱ በዚያ ዘመን የመንግሥት ጽሕፈት ይጠቀምበት በነበረው አጠራር የአለም ገና ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር ተባለ፤ ሕዝቡ ዛሬ ወላይታ በሚለው በራሱ ስም እንደሚጠራ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። በአንድ ጎሣ ሸንጎ ውስጥ ሁሉ የሚተዋወቅ፣ በጋብቻና በዕቁብ የተሳሰረ ነው። በዚህ ማኅበር ግን የተቀመጡት በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በአውራጃና በጠቅላይ ግዛት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአለም ገና ወገን መንገዱ ከእርሱ ቢጀመር ቶሎ ይጠቀማል፤ የሶዶው ወላይታ ደግሞ ገንዘቡን ዛሬ ከፍሎ መንገዱን ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት። ታዲያ ለምን ይከፍላል? መልሱ እምነት ነው ብለን ብናልፈው የታሪክ ጸሓፊ ሥራ አይሆንም። እምነቱ የተሠራበት መንገድ አለ፤ ይኸውም የየአገሩ ሰው በማኅበሩ ውስጥ የራሱ ወኪል ስላለው፣ ሒሳቡ ሲነገር የሚሰማው ከራሱ ሰው አፍ ስለሆነ ነው። ኮሚቴው የበዛ፣ ንግግሩም የረዘመ ነበር። አንዳንድ መሐንዲስ በዚህ መጉላላት ቢያጉረመርም አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ያ ርዝመት ባይኖር ኖሮ ገንዘቡም አይኖርም ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ጎረቤታችን ኬንያ ነፃነቷን ስታገኝ ጆሞ ኬንያታ ሐራምቤ የሚለውን ቃል ለሕዝቡ መፈክር አድርገው ነበር፤ ቃሉ በአንድነት እንሳብ እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ የኬንያው ከላይ ከመሪው ሲነገር፣ የጉራጌው ከታች ከነጋዴውና ከሽማግሌው የመነጨ መሆኑ ነው። ከታች ለሚመነጭ ነገር ደግሞ የዘመኑ መንግሥት ጥርጣሬ ነበረው። የሜጫና ቱለማ ማኅበር በልማት ስም ተቋቁሞ ወደ ፖለቲካ ጥያቄ ሲሻገር በ1959 ዓ.ም. ተዘጋ። የመንገድ ማኅበራቱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከነጋዴው ጥንቃቄ የተነሣ ይሁን ከመሪዎቹ ለቤተ መንግሥቱ መቅረብ፣ ንግግራቸው ከድልድይና ከጠጠር ብዙም አልራቀም። ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ጭሰኛና ስለ ባለ ርስት በማኅበሩ ጉባኤ መነጋገር አይቻልም ነበር፤ መንገዱ ግን የሚያልፈው በመሬት ላይ ነው።

የሸንጎውን መልካምነት ስናወሳ ጉድለቱን ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። የጆካ የወንዶች ሸንጎ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረችው የቃቄ ወርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ሸንጎውን እንደሞገተች ጉራጌ ሁሉ ይተርካል፤ ስሟ እስከ ዛሬ የሚጠራውም ያ ነገር ስላልተለመደ ነው። በገበያ ቀን ቆጮውንና ቅቤውን ተሸክማ ዳገት የምትወጣው፣ ውኃና እንጨት የምታመላልሰው፣ የምጥ ሕመም ሲጠናባት በቃሬዛ ወደ ሐኪም የምትወሰደውም ሴት ናት። ከመንገዱ ከሁሉ ይበልጥ የምትጠቀመው እርሷ ሆና ሳለ፣ የትኛው መንገድ ይቅደም በተባለ ጊዜ የተጠየቀው ባሏ ነው። ፉጋ የሚባሉትና በእንጨትና በዕደ ጥበብ ሥራ የሚተዳደሩት ወገኖችም ከርስትና ከሸንጎ ተከልክለው ይኖሩ ስለነበር የእነርሱን አሳብ ፈልጎ የሚጠይቅ አልነበረም። እንግዲህ ሁሉ ተስማማ ሲባል ሁሉ የሚለው ቃል ማንን እንደሚያጠቃልል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። መንገድ በማሳ ላይ ሲያልፍ ጤፍ የዘራ ገበሬ የአንድ ዓመት ምርቱን ያጣል። እንሰት ግን ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ በአንድ ጓሮ ውስጥም የዘንድሮው ችግኝ፣ የሦስት ዓመቱና ለመፋቅ የደረሰው በተራ በተራ ተተክሎ ይገኛል። ዶዘር በግማሽ ቀን የገለበጠው ጓሮ የአንድ ቤተሰብን የብዙ ዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል። ይህን ኪሳራ በብር ልክ መተመን ለውጭ መሐንዲስ ቀላል አይደለም፤ ለጎረቤት ግን ግልጽ ነው። ሽማግሌ በመካከል ሲኖር መንገዱ ጥቂት ዞር እንዲል፣ ወይም መንደርተኛው ለተጎዳው ሰው ከየጓሮው ችግኝ እንዲያዋጣለት ማድረግ ይቻላል። የምክር ጥቅሙ በንግግር ውበት ሳይሆን በእንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ላይ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ድርጅቱ ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተብሎ ከመንገድ ሌላ ትምህርት ቤትና ሌላም ልማት ያዘ። የአለም ገና የቡታጅራም መንገድ ከጠጠር ወደ አስፋልት ተሸጋገረ። ያ የመርካቶ ነጋዴ ትውልድ ልጅና የልጅ ልጅ ግን በራሱ ከተማ ሌላ መንገድ ተዘረጋበት። በ2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ተጀመረ፤ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው መሥመር ለሕዝብ ተከፈተ። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጣቢያው 39፣ ዋጋው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። አንደኛው መሥመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ይህም ማለት የመርካቶን ጎን እየታከከ ያልፋል።

ባቡሩ ለብዙ ሺሕ መንገደኛ በጥቂት ብር መጓጓዣ መስጠቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሥራው ሲካሄድ ጎዳናው ተቆፍሮ፣ መኪና ማቆሚያው ጠፍቶ፣ ደንበኛው ስለራቀ የመሥመሩ ዳር ነጋዴ ተጎድቷል። ከተሠራም በኋላ ሐዲዱ በአጥር ስለታጠረ ትናንት በአሥር እርምጃ የሚሻገረው እግረኛ ዛሬ ማቋረጫ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ ማዶና ማዶ ያሉት ሱቆችም አንድ ገበያ መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ሆኑ። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው ማን ነበር? ተሸካሚው፣ ባለ ጋሪው፣ የችርቻሮ ነጋዴው ያውቀው ነበር። ዕቃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በካርታ ላይ አይታይም።

ሕጉን ያየን እንደሆነ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው። ባቡሩ ሲሠራ ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ግን በዋናው የሚናገረው ስለ ማስለቀቂያ ትእዛዝና ስለ ካሣ ነበር፤ የጊዜ ገደቡም ከ90 ቀን እንዳያንስ ይላል። ማስታወቅና መመካከር አንድ አይደሉም። ለሰው ውሳኔ ከተደረገ በኋላ ቀኑን መንገር ማስታወቅ ነው። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከርበት ደንግጓል። በወረቀት ላይ ያለው ርቀት ከ90 ቀን ወደ አንድ ዓመት መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ዓመት ማለት በጉራጌ ቤት አንድ መስቀል ማለት ነውና።

ስለ ሁለቱ ከተሞች አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ካርታውን የተመለከተ ሰው የጅማውና የቡታጅራው መንገድ ሁለቱም የሚለያዩት አለም ገና ላይ መሆኑን ያያል። ማኅበራቱ የየወገናቸውን አገር ያገናኙት ከአዲስ አበባ ጋር ነው፤ መዋጮው የመጣው ከመርካቶ ነበርና መንገዱም ወደ መርካቶ አመራ። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ በዘቢዳር ደጋ ላይ የሚያቋርጠው መንገድ ግን ለረጅም ዘመን ደካማ ሆኖ ስለኖረ፣ በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች ለመጠያየቅ በመኪና አለም ገና ድረስ ወጥተው ይመለሱ ነበር። የሰባት ቤቱ በየጆካ፣ ክስታኔው በጎርደና፣ መስቃኑም በራሱ ሴራ ለየብቻው ሲመክር የኖረ ስለሆነ ያንን አቋራጭ የራሴ ነው ብሎ የሚይዘው ማኅበር አልተነሣም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማነት ተቀመጡ፤ ያ የተራራ መንገድም ከአንዱ ዞን ተነሥቶ በሌላው ዞን ያልቃል።